የበርበሬ በረንዳው ሻምበል

አባቴን ሻምበል ያደረገው መንግሥት አይደለም፣ የመርካቶው በርበሬ በረንዳ ነው። ከጦር ሜዳ ሲመለስ አሥር አለቃ ነበር፤ ይህንንም ከማንም ደብቆ አያውቅም። ግን እኛ ሰፈር ሰውን ባለው ማዕረግ ብቻ መጥራት እንደ ንቀት ይቆጠራል። በቴክኒክ ትምህርት ቤት በር ያለፈ ሁሉ "ኢንጂነር" ነው። የፋርማሲው ዘበኛ "ዶክተር" ይባላል፤ ሲጠሩት ዞር ይላል፣ አንዳንዴም መድኃኒት ያዝዛል። አባቴም እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ በከፈተችው የቅመም ሱቅ በር ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ በጀመረ ሰሞን "ሃምሳ አለቃ" ተባለ። እኔ ፊደል ስቆጥር መቶ አለቃ ሆነ። ትምህርት ጨርሼ ሱቁን ስረከብ ሻምበል ነበር። ማዕረጉ እንደ በርበሬ ዋጋ ነው፤ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይተን አናውቅም።

መጀመሪያ ላይ ይከራከር ነበር አሉ። "ኧረ እኔ አሥር አለቃ ነኝ" ሲል "ትሕትና አያብዙ ሃምሳ አለቃ" እያሉ ያልፉታል። በመጨረሻ ሰለቸውና ተወው። ጠዋት ጠዋት ኮፍያውን አድርጎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ ይቀመጣል። ጆንያ የተሸከመ ሁሉ "ሻምበል፣ እንዴት አደሩ?" እያለው ያልፋል። ዳሌው ውስጥ የቀረ የመድፍ ፍንጣሪ ስላለ የሚነሳው በሩን ይዞ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ፍንጣሪው ከሁላችንም ቀድሞ ይነቃል።

አንድ ቀን የቀድሞ ወታደሮች ማኅደር እየታደሰ ነው፣ የታደሰለት ሰው መታወቂያ ይሰጠዋል፣ በመታወቂያውም በወታደሮች ሆስፒታል ይታከማል የሚል ወሬ ሰማን። አባቴ የድሮ ካፖርቱን አስጠርጎ ብቻውን ሄደ። ከቀትር በፊት ተመለሰ። ሰላም አላለኝም። ወንበሩን ከደጅ አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባና ፊቱን ወደ በርበሬው ጆንያ አድርጎ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ምን እንደሆነ ለመናገር ቀናት ፈጀበት። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፣ ነዘነዝኩት። ለካ ተራው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርብ፣ ኮምፒውተሩን የምታየው ልጅ አዳራሹ ሙሉ እየሰማ "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከድተዋል፤ ከጦሩ የጠፉ ነው የሚለው" ብላዋለች። ልጅቷ ክፋት አልነበረባትም፤ መስኮቱ ላይ ያለው መስታወት ወፍራም ስለሆነ ሁሉንም ነገር ጮኻ ነው የምትናገረው። ግን ከአባቴ አጠገብ ተቀምጠው ስለ ድሮ ግንባር ሲያወጉት የቆዩ አንድ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ተነስተው ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቴ የነገረኝ ስለ ልጅቷ አይደለም። ደጋግሞ የነገረኝ ስለ ሽማግሌው ነው።

"እውነቱ ምንድነው ታዲያ?" አልኩት።

"እውነቱማ አጭር ነው" አለ። ሰሜን ግንባር ምሽግ ውስጥ እያሉ ጓደኛው ሆዱን ተመታ። አባቴ ተሸክሞት ወደ ሕክምና ጣቢያው ወረደ። ሊደርሱ ሲሉ መድፍ ወደቀና እሱም ዳሌውን አገኘው። ሁለቱንም አንድ መኪና ላይ ጫኗቸው። ጓደኛው መንገድ ላይ አለፈ፤ አባቴ ከሩቅ ከተማ ሆስፒታል ገባ። የዚያን ዕለት ማታ ምሽጉ ውስጥ ስም ጥሪ ነበር። "ስሜ ሲጠራ አቤት የሚል ጠፋ" አለኝ። "አቤት ያላለ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ከድቷል። ሬሳዬን ስላላዩት ከድቷል ብለው ጻፉ።" ከሆስፒታል ሳይወጣ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦሩ ተበተነ፣ ሄዶ "አለሁ" የሚልበት ክፍልም አልነበረም። እንዲያ ተብሎ መጻፉንም የሰማው በዚያች ልጅ አፍ ነው።

"ቀላል ነው፣ እናስተካክለዋለን" አልኩት። ያን ጊዜ ገና ቢሮ አላውቅም ነበር።

ስሕተቱን የሚያርመው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው ተባልን፤ አባቴ በዚያ ዳሌ ደረጃውን ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ምድር ቤት ነው አሉን። ምድር ቤት ያለው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሲገኝ ሲስተም የለም፣ ሲስተም ሲኖር እሱ የለም። በመጨረሻ አዘነልንና መንገዱን ነገረን፦ ለኮሚቴው ማመልከቻ ጽፋችሁ፣ አብረውት የተሰለፉ ምስክሮች ይዛችሁ ኑ። አብረውት የተሰለፉት ከሞቱት በቀር የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም አልነው። ጭንቅላቱን እከክ እከክ አድርጎ "እንግዲያስ ጎረቤትም ይሁን" አለ። ስለዚህ ከመርካቶ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ሰሜን ግንባር ሊመሰክሩ ተወሰነ።

ሱቃችን ውስጥ ጉባኤ ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን በርበሬ በጅምላ የሚሸጡት ጋሼ መጡ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር እየተሰዳደቡ ሻይ የሚጠጡ ሰው ናቸው። ከጎናችን ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጠው እትዬ መጣች። ሦስተኛው የአውቶቡስ ተራው ደላላ ነው። እሱን ማንም አልጠራውም፤ ድርድር ባለበት ሽታው ይመራዋል።

"ምንድነው የምትጠይቁት?" አለኝ ደላላው።

"ከድቷል የሚለው እንዲነሳ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

ሦስቱም በመጀመሪያ ዋጋ የሸጠ ሰው እንደሚታየው አዩኝ። እትዬ እንዲያውም ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

"አንቺ ልጅ፣ በርበሬ በረንዳ አላደግሽም እንዴ?" አለ ደላላው። "የምትፈልጊውን ብቻ ከጠራሽ ይቆርጡብሻል። መቁረጥ ሥራቸው ነው። አንዲቷን ነገር ብቻ ይዘሽ ሄደሽ ግማሿን ቢቆርጡብሽ፣ የከዳ ሰው ግማሽ ምን ያደርግልሻል? ቆልለሽ ጥሪ! እነሱ ሲቀንሱ፣ ሲቀንሱ፣ አንቺ የፈለግሽው ላይ ትገናኛላችሁ።"

"እውነቱን ነው" አሉ ጋሼ። "ሻምበልነቱ ይጠየቅ። ያለ ማዕረግ ማን ይሰማናል?"

"ሜዳሊያም ጨምሩበት" አለች እትዬ። "ምራቂ የሌለው ገበያ ደስ አይልም።"

"ሁለተኛ ግንባርም ይግባ" አለ ደላላው። "አንድ ግንባርማ ሁሉም ሰው አለው።"

አባቴ ከጆንያው ጀርባ ድምፁን አሰማ። "እኔ ውሸት ላይ አልፈርምም።"

"ውሸት አይደለም ሻምበል" አለው ደላላው፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ። "መነሻ ዋጋ ነው።"

"ያቺ ቃል ትነሳለች?" ብሎ ጠየቀ አባቴ። "እንደ ጥርስ ትነቀላለች!" አለ ደላላው። አባቴ እጁን ለብዕሩ ዘረጋ። ሦስት ሰው ስላግባባው አይደለም የፈረመው፤ ያቺን ቃል ተሸክሞ መኖር ስላቃተው ነው። እኔም በሚያምር የእጅ ጽሕፈቴ መነሻ ዋጋውን በሙሉ አሰፈርኩት። አራት ጥያቄ ሆነ፦ ሻምበልነት፣ ሜዳሊያ፣ ሁለተኛ ግንባር፣ በመጨረሻም እንደ ዘበት የተጨመረችው የእኛዋ።

በምስክርነቱ ቀን ሁሉም የዓመት በዓል ልብሱን ለብሶ መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሁሉንም ይጽፋሉ። መጀመሪያ የገባችው እትዬ ናት። "ሻምበልን የማያውቅ ማን አለ?" ብላ ጀምራ፣ አባቴን ታንክ አስማረከችው። ብቻውን ነበር፤ በባዶ እጁ ነበር፤ ሊመሽም ጥቂት ሲቀረው ነበር። ጋሼ ቀጠሉ። እሳቸው ነጋዴ ስለሆኑ ጥንቃቄ አላቸው፤ ታንኩን አልነኩም፣ ነገር ግን አባቴን ሰሜንና ምሥራቅ በአንድ ሳምንት አዋጉት። ደላላው ሲገባ ሙቀቱ ይዞት "ሻለቃ" ብሎ ጠራውና፣ ሰብሳቢው ቀና ሲሉ "ሊሾሙ ሲሉ ነው የቆሰሉት ለማለት ነው" ብሎ አረመ። ሰብሳቢው ይህንንም ጻፉ።

አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያይ ነበር። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። "እርስዎ የሚጨምሩት አለ?" አሉት በመጨረሻ።

"እኔ የምቀንሰው ነው ያለኝ" አለ።

ደላላው ሳል ጀመረው፤ ጋሼም አባቴን በክርናቸው ነኩት። አባቴ ሰዎቹን አየ። ለእሱ ሲሉ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ደረጃ ወጥተው፣ ፊታቸው በላብ ተነክሮ የዋሹ ሰዎች ናቸው። አሳፍሯቸው መውጣት አልሆነለትም። "ምንም የለኝም" አለ።

ውሳኔውን ልንሰማ ስንሄድ እትዬ እልልታዋን ጉሮሮዋ ላይ አዘጋጅታ ነበር። ሰብሳቢው አነበቡ። ኮሚቴው የአመልካቹን ጥያቄና የምስክሮቹን ቃል በጥልቀት መርምሯል። ሻምበልነቱን ተቀብሏል። ሜዳሊያው ይገባዋል ብሏል። ሁለተኛው ግንባር ተመዝግቧል። "ከድቷል የሚለውን በተመለከተ" አሉና ገጹን ገለበጡ፣ "ስለዚህ ጉዳይ አንድም ምስክር የተናገረ ስለሌለ ባለበት እንዲጸና ተወስኗል።"

እርስ በርስ ተያየን። እውነት ነው። ታንኩ፣ ግንባሩና ሹመቱ ጊዜ ወስዶ፣ ዋናውን ነገር ሦስቱም ረስተውታል።

"እንዴት ሆኖ ነው?" ብዬ ጮህኩ። "ውሸቱን ሁሉ ተቀብላችሁ... ማለቴ፣ ሌላውን ሁሉ ሰጥታችሁ፣ እንዴት እሱን ትከለክላላችሁ?"

"እህቴ" አሉ ሰብሳቢው፣ ሳይቆጡ። "ከአራት ጥያቄ ሦስቱ ተፈቅዶላችኋል። ሁሉንም ብንፈቅድ ኮሚቴው ምን ሠራ ይባላል?"

"ቆራጭ ነው!" አለ ደላላው በጆሮዬ። ድምፁ ውስጥ አድናቆት ነበር፤ አንድ ባለሙያ ሌላውን ሲያይ የሚሰማው ዓይነት። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

አባቴ በዚያች ቀን በአገሪቱ ብቸኛው ባለ ሜዳሊያ ከጂ ሻምበል ሆኖ ወደ ቤቱ ገባ። መታወቂያውም አልተሰጠው፤ የከዳ ሰው፣ ሻምበልም ቢሆን፣ አይታከምም። ሰፈሩ ግን የሰማው ሹመቱን ብቻ ነው። "እንኳን ደስ አለዎት ሻምበል፣ አሁንማ በወረቀት ነው!" የሚል ሰው ሱቁን ሞላው። አባቴ እዚያው ጆንያው ስር ተቀምጦ ለሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። አላስቻለኝም፤ መጥረጊያ አንስቼ ሁሉንም አስወጣሁ፣ የሚገዙትን ጭምር።

በማግስቱ ከሱቅ ስደርስ አባቴ ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል። "ወደ ሰብሳቢው ቢሮ እንሂድ" አለ። ሊያደርግ ያሰበውን መንገድ ላይ ነገረኝ። አውቶቡስ ተራው ጋ አጠገባችን የነበረው ደላላ ሰምቶ ክው አለ። "ማዕረግ ሊመልሱ? ሻምበል፣ አማኑኤል ሆስፒታል እዚሁ ጎረቤታችን ነው፣ ላድርስዎት?" አባቴ ዞር ብሎም አላየው።

ሰብሳቢው ብቻቸውን ነበሩ። አባቴ የውሳኔውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በጣቱ ወደ እሳቸው ገፋው።

"ሻምበልነቱን ልመልስ ነው የመጣሁት" አለ።

"ለምን?"

"የኔ አይደለም። እሱን ውሰዱና ያቺን ቃል አንሱልኝ።"

ሰብሳቢው ግራ ገባቸው። "አባቴ፣ ማዕረግ ለመጠየቅ እንጂ ለመመለስ አሠራር የለንም።"

አባቴ ያን ሁሉ ዘመን ከሱቅ በር ላይ የተቀመጠው ለካ ዝም ብሎ አልነበረም። "ሜዳሊያውንም ልመልስ" አለ። ሰብሳቢው ደብዳቤውን አልነኩትም። "ሁለተኛውንም ግንባር።" አሁንም አልነኩትም። አባቴ የካፖርቱን ቁልፍ ያዘ። "በቃ፣ አሥር አለቃነቴንም ውሰዱ። እሱ የኔ ነው፣ ማንም አልጨመረልኝም። ተራ ወታደር አድርጉኝ። ከዚያ በታች የምቀንሰው የለኝም።"

ከዚያ ተናገረ። ስለ ጓደኛው፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ስም ጥሪው። በዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር፤ ታንክ ስለሌለውም ቶሎ አለቀ። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አላነሱም። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ይጠርጉ ጀመር፤ ጠርገው ከጨረሱ በኋላም ይጠርጋሉ።

"እኔም በጊዜዬ ስም እጠራ ነበር" አሉ። "አቤት ያላለውን ሁሉ..." አሉና አልጨረሱትም። መስኮቱን ትንሽ አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን መለሱ፣ ቢሮውም አብሮ ተመለሰባቸው። "ለማንኛውም ቃለ ጉባኤ ያስፈልገዋል። ትጠራላችሁ።"

የሰፈሩን ነገር አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ማዕረጉን መመለሱን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። ጋሼ "የኛን ሻምበል ዝቅ ያደረገው ማን ነው?" ብለው ሰልፍ ሊያስወጡ ነበር። እትዬ አሁንም ሻምበል ብላ ትጠራዋለች። አባቴ ወንበሩን ወደ ደጅ መልሶ አውጥቷል፣ ኮፍያውንም አድርጓል፣ ግን ሻምበል ሲሉት መንገዱን ያያል እንጂ አይዞርም። ጆሮው ደከመ እያሉ ያዝኑለታል።

የተጠራን ቀን አዳራሹ እንደ መጀመሪያው በሽማግሌዎች ተሞልቶ ነበር። አባቴ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን አየሁና ሄጄ ተቀመጥኩበት። ብዙ ጠበቅን። ከዚያ ያቺ መስታወት ጀርባ ያለችው ልጅ ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ወጣችና ጮኻ ተጣራች። "ወታደር" አለች፣ የአባቴን ስምና የአያቴን ስም አስከትላ። ወታደር ካለች ሁሉንም ተቀብለዋል ማለት ነው። ኮሚቴው የቀረበለትን ዋጋ ሁሉ ጠቅልሎ ወስዷል፤ አሥር አለቃነቱን እንኳ በምራቂ አልመለሰለትም። ያቺ ቃል ግን ተነስታለች። ወረቀቱ ላይ "በቁስል ምክንያት በክብር የተሰናበተ" ይላል።

አባቴ አልተነሳም። መጀመሪያ ያልሰማ መስሎኝ ክንዱን ነካሁት። ልጅቷ መጥታ ወረቀቱን አቀበለችኝና አነበብኩለት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት አይደል? ይፈርሙልኝ" አለች ልጅቷ።

"እፈርማለሁ" አለ። "ግን ልጄ፣ እባክሽ በሩ ላይ ተመልሰሽ አንዴ ጥሪኝ።"

"እዚሁ አሉ እኮ ጋሼ።"

"አውቃለሁ። አንዴ ብቻ።"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ ለምን እደብቃለሁ። ትከሻዋን ሰበቀች፣ ወደ በሩ ተመለሰች፣ እንደ ልማዷ ጮኻ "ወታደር" ብላ ስሙን ጠራች። አባቴ ትከሻዬን ሳይደገፍ ብድግ አለ። ካፖርቱን አስተካከለ፣ እጆቹን ከጎኑ አጣበቀ።

"አቤት!" አለ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው።